ኦፕንቲቲዲ ላይ ትልቅ ህንጻ ማስገባት፦ ችግሩ ከላፕቶፕህ አይደለም

ጥያቄው፦ «ኦፕንቲቲዲ (የትራንስፖርት ካምፓኒ የሚመራበት የኮምፒውተር ጌም) ላይ የንግድ ባንክን ዋና መስሪያ ቤት ማስገባት ፈልጌ በብሌንደር (የ3ዲ መስሪያ ሶፍትዌር) ሞዴሉን ሰርቻለው። ትልቅ እንዲሆን ምስሉን 1024 ፒክሰል አርጌ ሬንደር አረኩት (ሞዴሉን ወደ ምስል ቀየርኩት)። 4 በ 4 ታይል (የጌሙ ማፕ የተከፋፈለበት ካሬ) የሚይዝ ቤት ብዬ ስጽፈው ኮምፓይለሩ (ኮዴን ወደ ጌሙ ፋይል የሚቀይረው ፕሮግራም) እምቢ አለኝ። ወደ 2 በ 2 ቀንሼው ገባ፣ ግን በጎኑ አውቶቡስ ሲያልፍ ህንጻው ላይ የወጣ ይመስላል፣ ስክሮል ሳረግ ግማሹ ይጠፋል፣ መስታወቱም ያለምክንያት ብልጭ ብልጭ ይላል። የህዝብ ቁጥሩን 5000 ብለው አይቀበልም። ፋይሉን ደጋግሜ ስቀይር ደሞ ሴቭ ያረኩት ጌም ላይ የነበሩት ህንጻዎቼ ሌላ ቤት ሆነው ጠበቁኝ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ከሱ ይሆን? ወይስ የጌሙን ሶርስ ኮድ ልቀይር?»

ላፕቶፕህን ተወው፣ ምንም አላጠፋም። የዘረዘርካቸው ነገሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፣ አንዱም ከራም ጋር አይገናኝም። ራም ቢያንስህ ጌሙ ይንቀራፈፋል ወይ ጭራሽ ይዘጋል እንጂ አውቶቡስ ፎቅ ላይ አይወጣም። ሶርስ ኮዱንም አትንካው፣ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻ እመጣበታለው። መጀመሪያ ግን 4 በ 4 የሚለውን ሃሳብ እናውጣው።

ብዙ ሰው የቤት መጠን እንደ ህዝብ ቁጥር ዝም ብሎ የሚጻፍ ቁጥር ይመስለዋል፣ 2 የሚለውን 4 ካረጉት የሚያድግ። እንደዛ አይደለም። ለከተማ ቤት ጌሙ የሚያውቃቸው መጠኖች 4 ብቻ ናቸው፦ 1 በ 1፣ 1 በ 2፣ 2 በ 1 እና 2 በ 2። ከነዚህ አንዱን ትመርጣለህ፣ አዲስ መጻፍ የለም። ነገሩ ከድሮ የተወረሰ ነው። ኦፕንቲቲዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የክሪስ ሶየርን የ1995 ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስ አሰራር እንዳለ ይዞ ነው የተነሳው፣ በዛ ጌም ስታዲየሙ እንኳን 2 በ 2 ነው። የኒውጂአርኤፍ ስርዓት (ሰው የራሱን ህንጻና ሌላ ነገር በፋይል ጌሙ ላይ የሚጨምርበት) ከዛ ወዲህ ብዙ ነገር ከፍቷል፣ የቤት መጠንን ግን እዛው ትቶታል። ስለዚ ኮምፓይለሩ እምቢ ያለህ ፊደል ስላሳሳትክ ሳይሆን የሌለ ነገር ስለጠየከው ነው።

ምስሉን 1024 ፒክሰል ማረግህም ህንጻውን አያተልቀውም። በመደበኛው ዙም አንድ ታይል 64 ፒክሰል ስፋት እና 31 ፒክሰል ቁመት ያለው ዳይመንድ ነው፣ በ4 እጥፍ ዙም ደሞ 256 በ 127። ስለዚ 2 በ 2 ህንጻ በመደበኛው 128 ፒክሰል ስፋት ነው ያለው፣ በ4 እጥፍ 512። ትልቁ ምስል የሚጠቅመው ሰው ዙም አርጎ ሲያይ ዝርዝሩ እንዲታየው ብቻ ነው። ለየዙሙ የየራሱን ምስል ትሰጠዋለህ እንጂ አንዱን ግዙፍ ምስል በመደበኛው ቦታ ላይ ከጫንከው ከታይሉ አልፎ ጎረቤት ላይ ይዘረጋል፣ ያንተም ችግር አንዱ ይሄ ነው።

እና ከ2 በ 2 በላይ ጭራሽ አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ግን «ቤት» አይሆንም። 3 መንገድ አለ። አንደኛው ኦብጀክት ማረግ ነው፣ እስከ 15 በ 15 ታይል ድረስ ይሄዳል፣ ስራውም ቀላል ነው፣ ተጫዋቹ ራሱ ከሜኑ መርጦ የፈለገበት ያስቀምጠዋል። ጉድለቱ ግን ለትራንስፖርት ጌም ከባድ ነው፦ ኦብጀክት ተሳፋሪ አያወጣም፣ አይቀበልም፣ የከተማ ህዝብም ውስጥ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው የካምፓኒው ሄድኳርተር ኦብጀክት ሆኖ ተሳፋሪ ሲያወጣ ስለሚያይ ነው፣ የሱ ግን ጌሙ ውስጥ ተለይቶ የተጻፈለት ነው፣ አንተ በኒውጂአርኤፍ የምትሰራው ኦብጀክት እንደዛ አይሆንም። ጎኑ ፌርማታ ብትሰራ ጎብኚ የሌለው ሃውልት ጋር እንደቆምክ ነው።

ሁለተኛው ኢንዱስትሪ ማረግ ነው። የኢንዱስትሪ ሌይአውት ታይል በታይል ስለሚጻፍ 4 በ 4ም 5 በ 3ም ይሆናል፣ መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ መተውም ይቻላል፣ ተሳፋሪና ፖስታ እንዲያወጣና እንዲቀበል ማረግም ይቻላል። ልብ ካልክ በቴምፕሬት የአየር ንብረት ጌሙ ይዞት የሚመጣው ባንክ ራሱ ቤት አይደለም፣ ኢንዱስትሪ ነው፣ ህዝባቸው ከ1200 በላይ የሆኑ ከተሞች ውስጥ ብቻ ነው የሚሰራው። ስለዚ ባንክን በኢንዱስትሪ መስራት ነውር የለውም። ግን ዋጋ አለው፦ ከተማው በራሱ ጊዜ አይገነባውም፣ ህዝቡ ላይ አይደመርም፣ የት እንደሚቀመጥ የሚቆጣጠር ኮልባክ (ጌሙ ከመወሰኑ በፊት የሚጠይቀው ያንተ ኮድ) መጻፍ አለብህ አለዛ ጫካ መሃል ይበቅላል፣ አንድ ቀን ተነስቶ እንዳይዘጋም ሌላ ኮልባክ ይፈልጋል። ተጫዋቹ ሌላ የኢንዱስትሪ ስብስብ አብሮ ሲጭን ካርጎዎቹ (የጭነት ዓይነቶቹ) ስለሚቀያየሩ ያንንም ማሰብ ይኖርብሃል። ለመጀመሪያ ስራ አልመክርህም።

ሶስተኛው የስቴሽን ታይል ነው፣ እሱ ለባንክ አይሆንም። ለገሃርን የመሰለ የባቡር ጣቢያ መስራት ያማረህ ቀን ግን ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው፣ ሃዲድ የሌለባቸውን ታይሎች በህንጻ ምስል ትሞላለህ፣ ጣቢያውም እውነተኛ ጣቢያ ሆኖ ይሰራል።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። ይሄን በደንብ ያዘው ምክንያቱም ትልቅ ህንጻ የሚሰራ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ ነው፣ እኔም የመጀመሪያ ፎቄን ሳስገባ ብዙ ሌሊት የወሰደብኝ ይሄ ነው። ጌሙ 3ዲ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው በሙሉ ጠፍጣፋ ምስል ነው፣ የትኛው ምስል ቀድሞ እንደሚሳልና የትኛው በላዩ እንደሚደረብ የሚወሰነው ለእያንዳንዱ ምስል በተሰጠው የማይታይ ሳጥን ነው፣ ባውንዲንግ ቦክስ የሚባለው። አንድ ታይል በውስጥ አቆጣጠር 16 በ 16 ነው። ጌሙ የአውቶቡሱን ሳጥን ከህንጻው ሳጥን ጋር ያወዳድርና ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሆነ ይወስናል፣ ምስሉ ላይ ምን እንደተሳለ አያይም፣ ሳጥኑን ብቻ ነው የሚያየው።

አንተ ያረከው (ፋይልህን ሳላየው ከገለጻህ ያስታውቃል) ሙሉውን 128 ፒክሰል ስፋት ያለው ምስል ሰሜን ታይሉ ላይ አስቀምጠህ ሌሎቹን 3 ታይሎች ባዶ ትተሃቸዋል። ሳጥኑ 16 በ 16 የሆነች አንድ ታይል ላይ ብቻ ቆማለች፣ ምስሉ ግን 4 ታይል ይሸፍናል። አውቶቡሱ ከምስራቁ ታይል ጀርባ ባለው መንገድ ሲያልፍ ከሳጥኗ ጋር ሲወዳደር በአንዱ አቅጣጫ ከኋላ ነው፣ በሌላው አቅጣጫ ደሞ ከፊት። ጌሙ ግራ ይገባዋል፣ አንዳንዴ ትክክል ይስላል አንዳንዴ አውቶቡሱን ፎቁ ላይ ይለጥፈዋል። ስክሮል ስታረግ ግማሹ የሚጠፋውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ጌሙ የሚስለው በስክሪኑ ዙሪያ ያሉ ታይሎችን ነው፣ አንድ ታይል ምስሉ ከመሃሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ከ32 ፒክሰል በላይ አይዘረጋም ብሎ ነው የሚያስበው። ሰሜን ታይሉ ከስክሪን ሲወጣ ምስሉ አብሮት ይሄዳል፣ የተቀሩት 3 ታይሎች እፊትህ ቢሆኑም።

መፍትሄው ምስሉን ወደታች መቆራረጥ ነው። ሙሉውን ህንጻ አንዴ ሬንደር ካረክ በኋላ 128 ፒክሰሉን በ3 ቀጥ ያሉ ሰንጣቆች ትከፍለዋለህ፦ ግራው ጫፍ 32፣ መሃሉ 64፣ ቀኙ ጫፍ 32። የግራው ለምዕራብ ታይል፣ የቀኙ ለምስራቅ ታይል፣ መሃሉ በሙሉ ከፊት ላለው ለደቡብ ታይል ይሰጣል። ሰሜን ታይሉ ሙሉ በሙሉ ከጀርባ ስለሚሸፈን የመሬቱን ምስል ብቻ ትሰጠዋለህ። ታወሩ ከ4ቱ ታይሎች መሃል ላይ የቆመ ቢሆንም ምስሉ የደቡቡ ንብረት ይሁን፣ አይደናገርህ፣ ከኋላ የሚያልፈው ነገር ሁሉ ቀድሞ ስለሚሳል በትክክል ይሸፈናል። ለእያንዳንዱ ሰንጣቅ ሳጥኑን 16 በ 16 አርገህ የከፍታውን ልክ የህንጻውን እውነተኛ ቁመት ስጠው፣ ዝቅ ብለህ ከሰጠኸው አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ ሌላ ጉድ ታያለህ።

ሰንጣቆቹ መገናኛ ላይ 1 ፒክሰል ክፍተት ወይ 1 ፒክሰል መደራረብ ሊመጣ ይችላል። ታይሉ በመደበኛው ዙም አግድም የሚጀምረው ከ31 ሲቀነስ ላይ ነው እንጂ ከ32 ሲቀነስ አይደለም፣ በ4 እጥፍ ዙም ደሞ ከ124 ሲቀነስ። ይሄን ያላወቀ ሰው ከላይ እስከታች የሚወርድ ቀጭን መስመር ያይና ሬንደሩን እየደጋገመ ይለፋል። መደራረብ መኖሩን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ህንጻዎችን ትራንስፓረንት የሚያረገውን አማራጭ መክፈት ነው፣ ሁለት ሰንጣቅ የተደራረበበት ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ይወጣል። ከዛ በተጨማሪ በኮንፊግ ፋይሉ የኒውጂአርኤፍ ዴቨሎፐር ቱልስን ክፈትና ኮንትሮል እና ቢ አንድላይ ተጫን፣ ሳጥኖቹ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተስለው ይታዩሃል። እዛው ውስጥ ስፕራይት አላይነር የሚባል አለ፣ ምስሉን ጌሙ እየሄደ በፒክሰል እያንቀሳቀስክ ትክክለኛውን ቁጥር አግኝተህ ወደ ፋይልህ ትገለብጣለህ። ይሄን ሳያውቁ በግምት የሚሰሩ ልጆች ሳይ ያሳዝኑኛል፣ የ10 ደቂቃ ስራ ሳምንት ይወስድባቸዋል።

ስለ ሬንደሩ ብዙ አልልም፣ ካሜራው ኦርቶግራፊክ ይሁን፣ በኤክስ 60 ዲግሪ በዜድ 45 ዲግሪ ይዙር፣ የብርሃኑንና የጥላውን አቅጣጫ ጌሙ ውስጥ ካሉት ህንጻዎች እይና አመሳስለው፣ አለዛ ያንተ ፎቅ ከሌላ ጌም ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ቁመቱ ግን ማውራት ያስፈልገዋል። ጌሙ አንድ ህንጻ በመደበኛው ዙም ከ200 ፒክሰል በላይ አይረዝምም ብሎ ነው የተሰራው። ከዛ ካለፍክ የህንጻው እግር ከስክሪኑ በታች ሲወጣ ጫፉ ይቆረጣል ወይ ብቅ ጥልቅ ይላል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ህንጻ 209 ሜትር ገደማ ነው፣ እና አንድ ሜትር በአንድ ፒክሰል ብለህ ብታሰላው ልክ ገደቡን ያልፋል። እኔ ግን 200ም አትሂድ ነው የምልህ። የጌሙ የራሱ ህንጻዎች ከዛ በጣም ያጥራሉ፣ ያንተ ታወር ከነሱ መሃል እንደ አንቴና ይቆማል፣ ከጀርባው ያለውን መንገድና ሃዲድ ደሞ ስለሚጋርድ የሚጫወተው ሰው ይማረርበታል። 140 ፒክሰል አካባቢ በቂ ነው፣ ከሁሉም በላይ ይታያል፣ ማንንም አያስቸግርም። በኋላ የአፍሪካ ህብረትን ህንጻ ልጨምር ካልክ እሱ 99.9 ሜትር ስለሆነ በዚሁ ሚዛን 67 ፒክሰል ይመጣል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው የሸገር መልክ ይኖራቸዋል። በሜትር ልክ ከመሆን ይልቅ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ የሚያምሩ መሆናቸው ይበልጣል።

ብልጭ ብልጭ የሚለው መስታወት የፓሌት፣ ማለትም የጌሙ የቀለም ዝርዝር፣ ጉዳይ ነው። ባለ 8 ቢት ምስል 256 ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ ከነዚህ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ ያሉት የሚንቀሳቀሱ ናቸው፣ ለውሃ ሞገድ፣ ለእሳትና ለመብራት የተቀመጡ። የንግድ ባንክ ህንጻ ዙሪያውን መስታወት ስለሆነ ሬንደርህ በሰማያዊ ዝርያ የተሞላ ነው፣ የምስል ሶፍትዌሩ ወደ ፓሌት ሲቀይርልህ የቀረበውን ሰማያዊ ይፈልጋል፣ እሱ ደሞ አንዳንዴ የውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚ መስኮቶችህ እንደ ባህር ይሞግዳሉ። ስትቀይር የሚንቀሳቀሱትን ቀለሞች ከምርጫ ውስጥ አውጣቸው፣ ንጹህ ነጩንም አብረህ አውጣው። ከ198 እስከ 205 ያሉት ሰማያዊዎች ደሞ የካምፓኒ ቀለም ናቸው፣ ሪከለር (ቀለም መቀየሪያ) የሚለውን ካልከፈትክ አይቀየሩም ግን ሳይታወቅህ ብትከፍተው ፎቁ ሌላ ቀለም ይለብሳል። ኤንኤምኤል (ኮምፓይለሩ) ሲኮምፓይል ምስሉ ውስጥ ንጹህ ነጭ ወይ የሚንቀሳቀስ ቀለም ካገኘ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ስህተት አይደለም ብሎ ያልፈዋል። አንብበው። ባለ 32 ቢት ምስል ብትሰራ ይሄ ችግር የለም፣ ያም ሆኖ ባለ 8 ቢቱን ሳትሰራ ባለ 32ቱን ብቻ አታውጣ። የጠርዙ ነገርም አለ፣ ብሌንደር ጠርዙን ለስለስ ሲያረገው ግማሽ ግልጽ የሆኑ ፒክሰሎች ይፈጠራሉ፣ 8 ቢት ደሞ ግማሽ ግልጽ የሚባል አያውቅም፣ ወይ አለ ወይ የለም፣ ስለዚ ወደ ፓሌት ከመቀየርህ በፊት ጠርዙን ቁርጥ አርገው።

5000 ህዝብ። የቤት ህዝብ የሚቀመጠው በአንድ ባይት ነው፣ ትልቁ 255 ነው፣ ከዛ በላይ ቦታ የለውም። ይሄ አይክፋህ፣ ጌሙ ውስጥ 255 ብዙ ነው። የጌሙ አንድ ቀን 74 ቲክ (የጌሙ ትንሿ የጊዜ መለኪያ) ነው፣ ቤቱ በየ256 ቲኩ ማለትም በ3 ቀን ተኩል ገደማ አንዴ ተሳፋሪ ሊያወጣ ይሞክራል፣ በድሮው ስሌት ባለ 255 ህንጻ በአንድ ጊዜ እስከ 32 ሰው ያወጣል። ይሄ አነሰኝ ካልክ የካርጎ ፕሮዳክሽን ኮልባክ አለ፣ በሱ የምታወጣውን ብዛት ራስህ ትወስናለህ። ግን አታብዛው። የአውቶቡስ ፌርማታ የሚሰበስበው 3 ታይል ዙሪያውን ነው፣ ሁሉም ተሳፋሪ ከአንድ ህንጻ ከመጣ ተጫዋቹ እዛ ጋር አንድ ፌርማታ ሰርቶ ከተማውን ይረሳዋል፣ ጌሙም ጣዕሙ ይጠፋል።

እዛው ፕሮፐርቲዎቹ ላይ እያለህ አንድ ነገር አስተውል፣ የኛ ሰው በተለይ የሚሳሳተው ነው። ህንጻው ከመቼ ጀምሮ ይታይ የሚለው ላይ የምትጽፈው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በጭንቅላትህ ያለው 2014 ስለሆነ እሱን ከጻፍክ ህንጻው 8 ዓመት ቀድሞ ይበቅላል፣ 2022 ነው የሚጻፈው። ሌላው፣ በአንድ ከተማ ውስጥ 5 ንግድ ባንክ ተደርድሮ ማየት ካልፈለክ በኮንስትራክሽን ቼክ ኮልባክ ከተማው ውስጥ አንድ ካለ ሁለተኛ አትስራ በለው። አንዳንዱ ለዚህ ብሎ የቤተክርስቲያን ወይ የስታዲየም ምልክት ያደርግበታል፣ እውነት ነው ጌሙ እነሱን ለአንድ ከተማ አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ግን ከተማው ስታዲየም ካለው ያንተ ህንጻ ጭራሽ አይሰራም፣ ስለዚ አይሆንም። ዞኑን መሃል ከተማ ብቻ አርገው። ፕሮቴክትድ የሚለውን ምልክት አድርግበት፣ አለዛ ከተማው ሲያረጅበት አፍርሶ ሌላ ይሰራበታል። የግንባታ ደረጃዎቹንም አትዝለል፣ ቤት ሲሰራ ሙሉ ከመሆኑ በፊት 3 ደረጃ ያልፋል፣ ለየደረጃው ምስል ካልሰጠኸው 140 ፒክሰል ፎቅ በአንዴ ከመሬት ብቅ ይላል። ስካፎልዲንጉን ስትሰራ ያው ሰንጣቅ መቁረጡ ይደገማል፣ ምንም ማምለጫ የለውም።

2 በ 2 ቤት ለመሰራት ጎን ለጎን 4 ነጻ ታይል እንደሚፈልግም እወቅ። የከተማው የመንገድ አሰራር ጠባብ ከሆነ ህንጻህ ዓመታት ቢጠበቅም ላይመጣ ይችላል፣ ኮዱ ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ፣ መንገዱ 3 በ 3 ግሪድ የሆነበት ከተማ ላይ ሞክረው።

ሴቭ ያረከው ጌም። ኒውጂአርኤፍ የጀመርከው ጌም ላይ እየቀያየሩ መጫወት የመጀመሪያው ክልክል ነገር ነው። እያንዳንዱ ቤት ስትጽፈው ሰብስቲቲዩት የሚባል ትሰጠዋለህ፣ ጌሙ ካለው ኦሪጅናል ቤት ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ ጌሙ ያንተን ቤት ማግኘት ሲያቅተው በሱ ይተካዋል። ህንጻዎችህ ሌላ ቤት ሆነው የጠበቁህ ለዛ ነው። ወይ የጂአርኤፍ አይዲውን (የፋይልህን መለያ) ቀይረሃል፣ ወይ የቤቶቹን መለያ ቁጥር አዛብተሃል። 2 በ 2 ቤት 4 ተከታታይ ቁጥር ነው የሚይዘው፣ የመጀመሪያው 0 ከሆነ ቀጣዩ ቤት ከ4 ይጀምራል፣ ቁጥሮቹን አንዴ ከሰጠህ በኋላ መሃል ላይ አዲስ ቤት አታስገባ፣ ሁሌም መጨረሻ ላይ ጨምር። አይዲውን ለዘላለም አትንካው፣ የሚያድገው ቨርዥኑ ብቻ ነው፣ ከድሮው ጋር የማይስማማ ለውጥ ካረክ ደሞ ዝቅተኛውን ተስማሚ ቨርዥን አብረህ ከፍ አርግ። ለሙከራ የሚሆን ትንሽ ማፕ ለብቻህ ያዝ፣ ኮንሶሉ ላይ ኒውጂአርኤፎቹን መልሶ የሚጭን ኮማንድ ስላለ ጌሙን መዝጋት ሳያስፈልግህ ለውጡን ታያለህ፣ ግን በዛ የሙከራ ማፕ ብቻ፣ የወራት ልፋትህ ያለበት ጌም ላይ በፍጹም።

ሶርስ ኮዱን ልቀይር ላልከው፣ ጌሙ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ማንም አይከለክልህም። ግን የቤት መጠን አንድ መስመር አይደለም፣ ከተማው ቦታ የሚፈልግበት፣ ቤት የሚፈርስበት፣ የኒውጂአርኤፍ አነባበቡ፣ ሁሉም 4ቱን መጠኖች ታሳቢ አርጎ ነው የተጻፈው። ተሳክቶልህ ብትጨርስ እንኳን ያንተን ህንጻ የሚያየው ያንተን የተቀየረ ጌም የጫነ ሰው ብቻ ነው፣ መልቲፕሌየር ላይ ከሌላ ሰው ጋር መገናኘት የለም፣ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ለውጡን እንደገና መገጣጠም አለብህ። ለአንድ ህንጻ ይሄን ሁሉ አትክፈል።

ስለዚ የምልህ ቁርጥ ያለ ነው። ታወሩን 2 በ 2 ቤት አርገው፣ ከስሩ ያለውን ግቢና አደባባይ ለብቻው በኦብጀክት ስራና የፈለገ ተጫዋች ጎኑ ያስቀምጠው። ግዴታ 4 በ 4 ተሳፋሪ የሚያወጣ ህንጻ ካልሆነ ብለህ ከጸናህ ኢንዱስትሪ ነው፣ እሱንም ይሄኛውን ጨርሰህ ሰው ሲጫወትበት ካየህ በኋላ። ሞዴሉን ራስህ ስለሰራኸው ጌሙ ውስጥ ባለው የማውረጃ ዝርዝር ላይ ብትጭነው ችግር የለብህም፣ ፈቃዱን ጂፒኤል ሁለት ብታረገው ሌላው ሰው አሻሽሎ ሊቀጥልበት ይችላል። ሰዎቹን ወይ መኪናዎቹን ከኢንተርኔት ያወረድካቸው ከሆነ ግን የነሱን ፈቃድ ሳታይ አትጫን።

አሁን ግን ብሌንደሩን ዝጋው። መጀመሪያ 2 በ 2 የሆነ 140 ፒክሰል ቁመት ያለው ግራጫ ሳጥን ሳል፣ መስኮት የለው ምን የለው፣ በ3 ሰንጣቅ ቆርጠህ አስገባው። ዙሪያውን በ4ቱም አቅጣጫ መንገድ ስራና 4 አውቶቡስ አዙርበት፣ ሳጥኖቹን እያሳየ ስክሮል እያረክ ተመልከተው፣ ትራንስፓረንት አርገህም እየው። አንድም አውቶቡስ ሳይወጣበት፣ ጫፉ ሳይቆረጥ፣ ጥቁር መስመር ሳይታይበት ካለፈ ግራጫውን ምስል በንግድ ባንኩ ምስል ተካው፣ ቁጥሮቹ እንዳሉ ይቆያሉ። ግራጫው ሳጥን ካላለፈ ግን ሞዴሉን አታስገባው።